የፒክአፕ የፊት አሞርዛተር ሲቀየር የሚሠሩ ስህተቶች

አዲስ አሞርዛተር (የመኪናውን መዝለል የሚያረጋጋውን ዕቃ) ገጥማችሁ መኪናው አሁንም ካንኳኳ፣ ዕቃው ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት አገጣጠሙን ተመልከቱ። ደህና ዕቃ በአገጣጠም ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ያናድደኛል። የማወራው ሞላው ራሱ አሞርዛተሩ ላይ ስለተጠለቀበት፣ ከላይ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ላይ ከታች ደግሞ የታችኛው ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘው ተንቀሳቃሽ ክንድ) ላይ ስለሚታሰረው ዓይነት ነው።

ሰው ከሚጎዳው እንጀምር። ከላይ መሀል ላይ ያለውን ትልቁን ዳዶ ሞላው ሳይጨመቅ መፍታት። ያ ዳዶ አሞርዛተሩን ከመኪናው ጋር አያስርም። ሥራው የታመቀውን ሞላ አፍኖ መያዝ ነው። አሞርዛተሩ ወርዶ መሬት ላይ ተጋድሞ እንኳ ሞላው ውስጥ በመቶዎች ኪሎ የሚቆጠር ጉልበት ታፍኖ አለ፣ ዳዶው ካመለጠ ሞላውና የላይኛው መቀመጫ ተስፈንጥረው ይወጣሉ፣ ፊት ያገኙ እንደሆነ ይገድላሉ። መኪናው ላይ እያለ የሚፈቱት ዙሪያውን ያሉት ትንንሾቹ ዳዶዎች ብቻ ናቸው። መሀለኛው የሚነካው አሞርዛተሩ ወርዶ፣ ሞላው በመጭመቂያ ግራና ቀኝ ተይዞ፣ ከመቀመጫው ላላ ብሎ በእጅ መዞር ሲጀምር ነው። መጭመቂያውን በእጅ ቁልፍ ጥቂት ጥቂት፣ ተራ በተራ አጥብቁ። በአየር ሽጉጥ አይሆንም፣ ጥርሱን ይበላዋል። ጥሩ መጭመቂያ ከሌላችሁ ከነሞላው ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ግዙ፣ ወይም ይህችን ሥራ ብቻ መሣሪያው ላለው ሰው ስጡ።

በክሪክ ብቻ ተማምኖ ከሥር መግባትም ያው ነው። ሻንሲውን በጠንካራ መደገፊያ አሳርፉ፣ ለኋላ ጎማዎች ታኮ አድርጉ።

አንዱን ጎን ብቻ አንስቶ መታገል። ስታብላይዘር የሚባለው ብረት ሁለቱን ጎኖች ስለሚያገናኛቸው ሌላኛው ጎማ መሬት ላይ ከሆነ ብራቾው እምቢ ይላል፣ ሰውም በብረት እየመነጨቀ አንድ ሰዓት ያጠፋል። ሁለቱንም ጎን አንሱ፣ የስታብላይዘሩን ማያያዣ በሁለቱም በኩል ፍቱ፣ ብራቾው በቀላሉ ይወርዳል።

ብራቾው ሲወርድ ግን ሌላ ስህተት ይመጣል። የጎማው ማዕከል ወደ ውጭ ተዘንብሎ በፍሬን ቱቦና በኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ሽቦ ላይ ይንጠለጠላል። ቱቦው ውስጡ ቢጎዳ ከውጭ አይታይም። ፎር ዊል ከሆነ ደግሞ ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ ከውስጥ መገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። በገመድ ወይም በሽቦ ከላይ እሰሩት።

የአሞርዛተሩን ዘንግ በፒንሳ መያዝ፦ ዳዶው ሲያጠብቁት ዘንጉ አብሮ ሲዞር እጅ ወደ ፒንሳ ይሄዳል። ያ የሚያብረቀርቅ ዘንግ አንዴ ከተጫረ ወደ ውስጥ በገባና በወጣ ቁጥር የዘይት መያዣውን ላስቲክ ይቀደዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ዘይት ይተፋል። የዘንጉ ጫፍ ላይ ለቁልፍ የተሠራ ቦታ አለ፣ እሱን ተጠቀሙ።

ሞላው ሲቀመጥ የታችኛው ጫፉ መቀመጫው ላይ ካለው ማረፊያ ጋር መግጠም አለበት። ካልገጠመ ይንኳኳል። በአንዳንድ መኪኖች የግራና የቀኝ ሞላ ስለሚለያይ ገና ሲፈታ ምልክት አድርጉበት። አሮጌውን የላይኛ ጎሚኒ (ላስቲክ)፣ አቧራ መከላከያና ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ መልሶ መግጠምም ቁጠባ አይደለም፣ ያንኑ ሥራ ሁለተኛ መሥራት ነው።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚስተው። ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ እያለ የብራቾውንና የአሞርዛተሩን የታች ቡሎን ጥርቅም አድርጎ ማጥበቅ። እነዚህ ቦታዎች ላይ ያለው ጎሚኒ ብዙውን ጊዜ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። በወረደበት ካጠበቃችሁት መኪናው መሬት ላይ ሲያርፍ ጎሚኒው ቀኑን ሙሉ ተጠምዞ ይውላል፣ ፊቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ጉዞው ይደርቃል፣ በመጨረሻም ላስቲኩ ይቀደዳል። መፍትሔው ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። ሥራ ሳትጀምሩ፣ መኪናው መሬት ላይ እያለ፣ ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የመኪናው አካል) ጠርዝ ያለውን ርቀት ለክታችሁ ጻፉ። ስትገጥሙ ቡሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፣ የታችኛውን ብራቾ ያ ልክ እስኪመጣ በክሪክ ከፍ አድርጉ፣ ከዚያ የማጥበቂያውን ጉልበት በሚለካው በቶርክ ቁልፍ፣ የመኪናው መመሪያ ባለው ልክ አጥብቁ።

ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይሩ፣ አንዱ አዲስ አንዱ የደከመ ከሆነ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ይጎትታል። የጎማ ዳዶዎቹን ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ እንደገና ፈትሹ። አላይመንትንም (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከልን) ለነገ አትበሉ። የፊቱ ከፍታ ሲቀየር የጎማዎቹ አቅጣጫ አብሮ ይቀየራል፣ መሪው ቀጥ ብሎ ቢታያችሁም ጎማው በአንድ ወገን እያለቀ ሊሆን ይችላል። ከፍታው በግልጽ ከጨመረ የፊት መብራቱንም ዝቅ አስደርጉት፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን ላይ ነው የሚያበራው።