በገጠር አጥቢያ ለልጆች መዝሙር ስታስጠኑ

ወሎ ውስጥ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ያለች አጥቢያ ናት እንበል። ልጆቹን መዝሙር አስጠኑ ተባላችሁ። ኦርጋን የለም፣ መብራትም ላይኖር ይችላል። ምንም አይደል፣ ዋናው ነገር እዚያው ግቢ ውስጥ አለ።

መጀመሪያ መሪጌታውን አግኙ። ብዙ ወጣት ከከተማ መዝሙር በስልኩ ጭኖ ይመጣና ቀጥታ ልጆቹን ይሰበስባል፣ ዕድሜያቸውን ዜማ ላይ የጨረሱት የኔታ ደግሞ ዳር ቆመው ያያሉ። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። ሂዱና «የኔታ፣ ልጆቹን ልናስጠና አስበን ነበር፣ በምን ብንጀምር ይሻላል?» በሏቸው። ሦስቱን የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን በድምፃቸው ያሰሟችሁ። በጽሑፍ ሦስት ስም ብቻ ነው፤ ልዩነቱ የሚገባችሁ በጆሮ ነው።

ጥናቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። በገበያ ቀን አትቅጠሩ። ከብት የሚጠብቁት ልጆች ቢያረፍዱ አትቆጧቸው።

ግጥሙን መጀመሪያ ያለ ዜማ አስብሏቸው፣ አንድ ስንኝ እናንተ፣ አንድ ስንኝ እነሱ። የግዕዝ ቃል ካለ ትርጉሙን እዚያው ንገሯቸው፣ ቃሉ ያልገባው ልጅ ያጣምመዋልና። መሪና ተቀባይ መሆንን ለማስረዳት እኔ የላሊበላን ገና ነው የምነግራቸው፤ ካህናቱ ገሚሶቹ ቤተ ማርያምን ከከበበው ዓለት ላይ፣ ገሚሶቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኵሉ» የተባለውን የገና ዝማሬ ሲቀባበሉ። ያን ያየ ልጅ ካለ እሱ ራሱ ያስረዳላችኋል።

ድምፅ ሰቅላችሁ አትጀምሩ። መዝሙሩ ውስጥ ከፍ የሚለውን ቦታ አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ ትንሿ ልጅ ሳትጮህ ከደረሰችበት መነሻው ልክ ነው። ሌላም አለ። አምባሰልና ባቲ የአገራችን ስሞች ናቸው፣ የቅኝትም ስሞች ናቸው፣ የልጆቹ ጆሮ በሠርግ ቤት ያደገው በእነሱ ነው፣ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ሳያስቡት ወደዚያ ሊሄድባቸው ይችላል። አትሳቁባቸው፣ ደግማችሁ አሰሟቸው።

አሁን ከበሮ። ልጅ ሁሉ መምታት ይፈልጋል፣ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አንድ የንግሥ ቀን ከበሮ መቺያችን በደስታ እየፈጠነ ሄደና ልጆቹ ቃሉን መያዝ አቅቷቸው መሐል ላይ ዝም አሉ፣ አንዷ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የካህናቱን የዜማ አገልግሎት፣ ማኅሌቱን ነው የምከተለው። ማኅሌት ላይ መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ማለትም በድምፅ ብቻ ይባላል፣ ቀጥሎ በመቋሚያ እየተወዛወዙ የሚሉት ዝማሜ ይመጣል፣ ከበሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ዘገም በሚለው መረግድና ፈጠን በሚለው ጽፋት ነው። እናንተም ዜማው ሳይጸና ከበሮ አታስገቡ። መቺው የመሪውን አፍ ይይ። የከበሮው ሰፊው አፍ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጠባቡ ቀጭን፤ ጀማሪ ጠባቡን እየደጋገመ ሲመታ ነው የሚፈጥነው፣ ስለዚህ ሰፊውን ብቻ ቀስ ብሎ ይለማመድ። ምሥጢሩንም አስተምሩት፤ ከበሮው ላይ የተጠላለፈው የቆዳ ጠፍር ጌታ የተገረፈው ግርፋት ምሳሌ መሆኑን ያወቀ ልጅ ከበሮውን እንደ መጫወቻ አያየውም። ክረምት ላይ ቆዳው እርጥበት ገብቶት ከላላ ፀሐይ ላይ አውጡት። እሳት አጠገብ አታስጠጉት፣ ይሰነጠቃል።

በዐቢይ ጾም ከበሮውም ጸናጽሉም ያርፋሉ። ጥናት ግን እንዳታቆሙ! ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚበልጠው የጥናት ጊዜ ይሄ ነው፣ ድምፅ ብቻ ስለሚቀር የተሳሳተው ሁሉ ይሰማል።

ለንግሥ ጄኔሬተርና ማይክ ከመጣ ድምፅ ማጉያውን ከዘማሪዎቹ ፊት፣ አፉን ወደ ሕዝቡ አዙራችሁ አስቀምጡት። ከኋላቸው ከሆነ ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ እየያዘ ይጮኻል።

ታቦቱ ሲወጣ መንገዱ ይሞላል፣ ወሎ ነውና ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ከዳር ቆመው ይሸኛሉ። እናቶች እልል ሲሉ መዝሙሩን በላዩ ላይ አትጫኑት። መሪው ትንፋሽ ይውሰድ፣ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጠብቅ፣ እልልታው ሲያበቃ ከአዝማቹ ይነሳ።