የድረ ገጽ ግንባታን በኢንተርኔት መማር ለሚጀምሩ

የድረ ገጽ ግንባታን በኢንተርኔት ለመማር የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያ ሳምንታቱን የሚጨርሰው ኮርስ በማማረጥ ነው። ይህ ምርጫ ቶሎ ሊቋጭ ይገባዋል። ሁለት ነገር ማየት ይበቃል፤ አንደኛው ትምህርቱ ከኤችቲኤምኤል ተነሥቶ ወደ ሲኤስኤስ፣ ከዚያም ወደ ጃቫስክሪፕት የሚሄድ መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተማሪው ራሱ የሚሠራቸው ፕሮጀክቶች ያሉት መሆኑ ነው። ፍሪኮድካምፕ እና ዘ ኦዲን ፕሮጀክት ሁለቱም በነፃ የሚሰጡና ይህን የሚያሟሉ ናቸው። አንዱን ከመረጡ በኋላ የመጀመሪያውን ክፍል እስኪጨርሱ ድረስ ሌላውን አይክፈቱት።

የሦስቱ ቅደም ተከተል በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ኤችቲኤምኤል ርዕሱ፣ አንቀጹና ሥዕሉ የትኛው እንደሆነ ለብሮውዘሩ ይነግራል፤ ሲኤስኤስ ቀለሙን፣ የፊደሉን መጠንና አቀማመጡን ይወስናል፤ ጃቫስክሪፕት ደግሞ ገጹ ተጠቃሚው ለሚያደርገው ነገር ምላሽ እንዲሰጥ ያደርጋል። ቲም በርነርስ ሊ በአውሮፓ የኑክሌር ምርምር ማዕከል በሰርን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያበቃው የመጀመሪያው ድረ ገጽ የተጻፈው በኤችቲኤምኤል ብቻ ነበር፤ ጃቫስክሪፕት በ1995፣ የሲኤስኤስ የመጀመሪያ ደረጃ ደግሞ በ1996 ተከተሉ። ስለዚህ ኤችቲኤምኤል ቀላል ነው ተብሎ በአንድ ቀን የሚታለፍ አይደለም። የሲኤስኤስ ችግር መስሎ ሰዓታት የሚፈጀው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይዘጋ የቀረ ታግ፣ ማለትም የገጹን ክፍል የሚከፍትና የሚዘጋ የኤችቲኤምኤል ምልክት፣ ሆኖ ይገኛል።

ለመነሻ የሚያስፈልጉት ኮምፒውተር፣ አንድ ብሮውዘርና አንድ የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ናቸው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ በነፃ የሚገኝና በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ በመሆኑ ለጀማሪ ይስማማል። አንዳንድ ኮርሶች ኮድ የሚጻፍበትን ቦታ በራሳቸው ገጽ ውስጥ ያቀርባሉ፤ ይህ ለጅማሬ ቢመችም፣ በእርሱ ብቻ የሚማር ሰው አንድ ፋይል እንኳ በራሱ ሳይፈጥር ወራት ሊያልፉበት ይችላሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በኮምፒውተርዎ ላይ አንድ ፎልደር ይክፈቱና በውስጡ «ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል» (index.html) የሚባለውን ፋይል፣ ስሙን በትንንሽ የላቲን ፊደላት ጽፈው ያስቀምጡ። አንድ ርዕስና አንድ አንቀጽ ጽፈው ፋይሉን ሁለት ጊዜ ሲጫኑት በብሮውዘር ሊከፈት ይገባል። በኖትፓድ ከተከፈተ ግን ዊንዶውስ የፋይሉን ቅጥያ፣ ማለትም በስሙ መጨረሻ ከነጥቡ በኋላ ያለውን፣ ስለሚደብቅ መጨረሻው ላይ ሳይታወቅ «ቲኤክስቲ» (.txt) ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ቅጥያው እንዲታይ አድርገው ስሙን ያስተካክሉ።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ሌላም ጥንቃቄ አለ። በገጹ ራስጌ (በኤችቲኤምኤሉ መጀመሪያ ሄድ በሚባለው ክፍል) ላይ የፊደል አጻጻፉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን የሚገልጸው መስመር ከሌለ ፊደላችን ወደማይነበብ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። የአማርኛ ኪቦርድ ሳይቀየር ቀርቶም በሲኤስኤስ መስመር መጨረሻ ላይ በላቲኑ ምልክት (;) ፈንታ የእኛ ድርብ ሰረዝ (፤) ከገባ፣ ብሮውዘሩ ያንን መስመር ምንም ሳይናገር ይዘለዋል።

አጥብቄ የምናገረው ግን ስለ ቪዲዮ ነው። አስተማሪው ሲጽፍ እያዩ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ባዶ ፋይል ፊት ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያው መስመር እንኳ አይመጣም። ማየትና መሥራት የተለያዩ ችሎታዎች በመሆናቸው፣ አሥር ደቂቃ ያህል ከተመለከቱ በኋላ ቪዲዮውን ዘግተው ያዩትን ከትውስታ ይጻፉ፤ ሲቸገሩ ወደጠፋብዎት ቦታ ብቻ ይመለሱ። ኮድ ገልብጦ መለጠፍ ሳይሆን በጣት መጻፍ ይሻላል፤ ምክንያቱም ስሕተት የሚለመደው በመጻፍ ላይ ነው። ገጹ ከሠራ በኋላም አንድ ነገር ይቀይሩበት፤ አስተማሪው ሦስት ሣጥን በአንድ ረድፍ ከደረደረ እርስዎ አምስት ደርድረው ስክሪኑ ሲጠብ ምን እንደሚሆኑ ይመልከቱ። ከኮርሱ ጎን ለጎን ስለሚወዱት ነገር አንዲት የራስዎ ገጽ ይኑርዎት፤ የተማሩትንም በየዕለቱ በእርሷ ላይ ይሞክሩ።

ስሕተት ሲያጋጥም አይደንግጡ፤ መልእክቱን ያንብቡ። በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ በአብዛኞቹ ብሮውዘሮች ኤፍ12 ሲጫኑ የሚከፈተው መሣሪያ፣ ኮንሶል በሚባለው ክፍሉ የጃቫስክሪፕቱን ስሕተት ከፋይሉ ስምና ከመስመሩ ቁጥር ጋር ያሳያል። 404 የሚል ቁጥር ካዩ የተጠየቀው ፋይል በተባለው አድራሻ አልተገኘም፤ ስሙንና ያለበትን ፎልደር ይመርምሩ። ስለ አንድ ታግ ወይም ትእዛዝ ማጣራት ሲፈልጉ የሞዚላው ኤምዲኤን የተባለው የማጣቀሻ ድረ ገጽ ቀዳሚ ምንጭዎ ይሁን። ሰው ሲጠይቁ ምን እንደጠበቁ፣ ምን እንደተከሰተና ችግሩን የሚያሳየውን አጭሩን ኮድ አብረው ያቅርቡ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትንም ቢሆን በዚህ ወቅት የስሕተቱን ምክንያት እንዲያብራራልዎ እንጂ ኮዱን እንዲጽፍልዎ አይጠይቁት።

ሁለት ሦስት ገጾች ከሠሩ በኋላ ጊትን ይጀምሩ። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊኑክስ ሥራ የፈጠረው ይህ መሣሪያ በኮድዎ ላይ ያደረጉትን ለውጥ ባዘዙት ቁጥር ይመዘግባል፤ ያበላሹትንም ወደነበረበት ለመመለስ ያስችላል። ሥራውን በጊት የተመዘገበ ኮድ በኢንተርኔት በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ካስቀመጡ በኋላ ጊትሃብ ፔጅስ በተባለው አገልግሎቱ አማካይነት ያለ ክፍያ ለሕዝብ መክፈት ይቻላል። በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ይታይ የነበረ ሥዕል በዚያ ከጠፋ፣ በስሙ ውስጥ ያሉትን ትልልቅና ትንንሽ ፊደላት ያመሳክሩ፤ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ የማይለያቸውን እነዚህን ፊደላት ገጹን ለሕዝብ የሚያቀርበው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ይለያቸዋል። ከዚያ ገጹን በስልክ ይክፈቱት፤ ጽሑፉ እጅግ አንሶ ከታየ ገጹ ከስልኩ ስክሪን ስፋት ጋር እንዲስማማ የሚያዘው ቪውፖርት የሚባለው መስመር ከራስጌው ቀርቷልና ጨምረው እንደገና ይላኩት።