የቋንቋ ምሁር ለመድረክ ሲጋበዝ፦ ለጎጃም ዝግጅት አዘጋጆች

«የቋንቋ ምሁር ፈልጉልን» ሲባል ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያስበው አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ቋንቋን ማጥናት አንድ ሙያ ነው፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ መደመጥ ሌላ። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው አለ፤ ግን ተፈልጎ እንጂ በማዕረግ ተለይቶ አይገኝም። ስለዚህ የማንንም ስም ከማንሣታችሁ በፊት ታዳሚው ከአዳራሹ ምን ዐውቆ እንዲወጣ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። እናንተ መጻፍ ካቃታችሁ ተጋባዡም ምን እንደሚያዘጋጅ አያውቅም፤ ከሌላ ጉባኤ የተረፈ ጽሑፍ ይዞ ይመጣል።

ያቺ ዓረፍተ ነገር ከተጻፈች የምትፈልጉት ሰው ዓይነት ራሱ ይለያል። የጎጃም አማርኛ ከጎንደሩ፣ ከወሎውና ከሸዋው በምን እንደሚለይ እንዲነገር ከተፈለገ የሥነ ልሳን ሰው ነው የሚጋበዘው፤ ዘዬ (የአንድ ቋንቋ የአካባቢ አነጋገር) ያጠና ቢሆን ይመረጣል። ለመጽሐፍ ምረቃና ለንባብ ሳምንት የሥነ ጽሑፍ መምህር ይሻላል። ቀረርቶና ፉከራ፣ የሙሾ ግጥም፣ ተረትና ምሳሌ ከሆነ ፎክሎር ያጠና ሰው። በብራና ቅርስ ላይ ለሚደረግ ዝግጅት፣ ለምሳሌ መርጡለ ማርያም ወይም ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ፣ ፊሎሎጂ (የጥንት ጽሑፎች ጥናት) የተማረ። የቅኔ መምህር ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው፤ በኋላ እንመለስበታለን። አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ነው ብዙ መድረክ የሚያበላሸው። የድምፅ ሥርዓት ሲመረምር የኖረ ሰው በመጽሐፍ ምረቃ ላይ ግጥም ተንትን ሲባል የሚናገረው ይጠፋዋል፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አይደለም።

ሰው ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ቋንቋ የሚያስተምሩ ክፍሎች አሏቸው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በሐዲስ ዓለማየሁ ስም የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋምም አለ። ደብዳቤውን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አድርሱ፣ ግልባጩን ለፈለጋችሁት ሰው። በመምህራን ትምህርት ኮሌጆችና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ዓመት አማርኛ ያስተማሩ ሰዎችን ግን አትዝለሉ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስድሳ ተማሪ ፊት የቆመ ሰው አዳራሽ አያስደነግጠውም። በእኛ ግምት ለወረዳ ደረጃ ዝግጅት ከዶክተሩ ይልቅ እሱ የሚሻልበት ጊዜ ይበዛል።

ዝግጅቱ እንጅባራ፣ ዳንግላ ወይም ቻግኒ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። አዊኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ደግሞ ሴማዊ። በአዊ ዞን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በአዊኛ ይማሩበታል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ብሎ እንጅባራ ላይ አማርኛ ብቻ የሚናገር ሰው ማቆም ታዳሚውን ያስከፋል፤ ቢያንስ ከሁለቱ ተናጋሪዎች አንዱ የአዊኛ ባለሙያ ይሁን። ንግግሩ እየተቆራረጠ የሚተረጎም ከሆነ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል፤ የ20 ደቂቃው ንግግር 40 ደቂቃ ይበላል። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስትቀጥሩ ደግሞ ከግማሽ ሰዓት ለሚበልጥ ዝግጅት ሁለት ሰው ያዙ፤ በየ20 ደቂቃው ካልተቀያየሩ የመጀመሪያው ይደክምና ሐሳብ መዝለል ይጀምራል።

የመረጣችሁትን ሰው ሳትሰሙ አትጋብዙ። ከዚህ ቀደም የተናገረበትን ቅጂ አሥር ደቂቃ ያህል ስሙ። ቅጂ ከሌለ ደውላችሁ ሩብ ሰዓት አውሩት፤ «ዘዬ ምንድን ነው? ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ይነግሩታል?» ብላችሁ ጠይቁት። ምሳሌ ከአካባቢው ንግግር እያወጣ ከመለሰ ሰውየው እሱ ነው። ከብያኔ ወደ ብያኔ ከዘለለ ለጥናት ጉባኤ አስቀምጡት።

ቀን መቁረጥ

ለዩኒቨርሲቲ ሰው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፈተናና ውጤት ማስገቢያ ላይ ከደረሳችሁበት እሺ ብሎም ላይዘጋጅ ይችላል። የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ዩኔስኮ ባወጣው መሠረት በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 21 ይከበራል፤ በእኛ የካቲት 14 ማለት ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን 13 ላይ ይውላል። በዚያ ሳምንት ሁሉም የሚፈልገው እነዚያኑ ጥቂት ሰዎች ስለሆነ ጥያቄው ኅዳር ላይ መድረስ አለበት። ጥር 23 ለእንጅባራ አይሆንም፤ ከተማው በአገው ፈረሰኞች በዓል ይሞላል፤ አልጋም አይገኝ። ሐምሌና ነሐሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ኮርኒስ የሌለው አዳራሽ አትከራዩ። የጎጃም ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲወርድ ማይክራፎኑ ምንም ያህል ቢጮህ የሚሰማ የለም። አማራጭ ከጠፋ ንግግሩን ጠዋት አድርጉት።

መጀመሪያ ስልክ፣ ቀጥሎ ደብዳቤ። ደብዳቤው ላይ ርእሱ፣ የታዳሚው ዓይነትና ብዛት፣ የተፈቀደው ደቂቃ፣ የጥያቄው ጊዜ፣ ክፍያው፣ ትራንስፖርትና አልጋ ማን እንደሚችል፣ ቀረጻ መኖር አለመኖሩ ይግባ። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው እስከ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። በዋዜማው ገብቶ ይደር። መንገድ ድንገት ሊዘጋ ስለሚችል ሁለተኛ ተናጋሪ ከዚያው ከከተማው ያዙ፤ በስልክ ወይም በኢንተርኔት አስገብተን እናናግረዋለን የሚለውን ዋና ዕቅድ አታድርጉት፤ ኔትወርኩ የሚጠፋው በዚያው ቀን ነው።

የኔታን ስትጋብዙ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው የተጠራ ነው፤ ታዳሚውም ይህን ዐውቆ ይመጣል። የቅኔ መምህር የሚጋበዝበት ደንብ ግን ከዩኒቨርሲቲው የተለየ ነው። ደብዳቤ በቴሌግራም ልኮ መልስ መጠበቅ ነውር ነው። የሚያውቃቸው ሰው፣ ቢቻል ከእሳቸው ዘንድ የተማረ፣ በአካል ሄዶ ይለምን፤ ደብዳቤው ከዚያ በኋላ ይሰጣል። ሁለት ሦስት አማራጭ ቀን ይዞ ሄዶ እሳቸው ይምረጡ። ቅዳሜ ማታና የበዓል ዋዜማ ማኅሌት አለ፤ 12፣ 21፣ 27፣ 29 እና የደብራቸው ታቦት የሚነግሥበት ቀን ሳይጠየቅ ቀን አይቆረጥም። ለተማሪዎቻቸው ቅኔ የሚዘርፉበትና (አዲስ ቅኔ የሚፈጥሩበትና) የሚያስነግሩበት ሰዓትም አላቸው፤ ጉባኤ አስፈትቶ ማምጣት ተገቢ አይደለም። ረቡዕ፣ ዓርብና የጾም ወራት ከሆነ ምሳው የጾም መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ሰዓቱንም ጠይቁ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ማዕድ ዘርግቶ «ይብሉ» ማለት ማስጨነቅ ነው።

«ቅኔውን አስቀድመው በጽሑፍ ይላኩልን» አይባልም። ርእሰ ጉዳዩን ብቻ ንገሯቸው። ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፤ ለመናገር ደቂቃ አይሞላም። መወድስ የሚባለው ስምንት ቤት ነው፤ እሱም ቢሆን ረጅም አይደለም። ሰዓቱን የሚወስደው ፍቺው ነው። አዳራሹ ግእዝ የማይሰማ ከሆነ ዘይቤውን ተርጉሞ ሰሙን ከወርቁ የሚለይ ሰው ከጎናቸው ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚሻለው የራሳቸው ደቀ መዝሙር ነው። ለአንዲት ጉባኤ ቃና ፍቺ ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ መድቡ። ይህ ካልታሰበ ጭብጨባው ይደምቅና ቅኔው የገባው ሰው የፊተኛው ወንበር ላይ ያሉት ካህናት ብቻ ይሆናሉ። ቅኔ ሲነገር ሊቃውንቱ «ይበል!» ይላሉ፤ የመድረክ መሪው ይህን ለታዳሚው ቀድሞ ይንገር፤ ካልሆነ ጭብጨባው መሐል ገብቶ ቤቱን ይቆርጠዋል።

ማይክራፎኑም ከአለባበሳቸው ጋር ይታሰብ። ትንሿን የደረት ማይክራፎን ጋቢ ወይም ካባ ላይ ብትሰኩት ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሸር ሸር የሚል ድምፅ ይወጣል። ከውስጥ ባለው ልብስ አንገት ላይ፣ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጋችሁ ስኩት፤ የጋቢውንም ጫፍ ከእሱ አርቁ። ጭራ ወይም መቋሚያ ለሚይዙ ሰው የእጅ ማይክራፎን አታሸክሙ፤ በማቆሚያ አድርጉት።

ክፍያ

ስለ ገንዘብ ማፈር መጨረሻ ላይ ያጣላል። ለዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ክፍያው በደብዳቤው ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ግብር ሳይቀነስ ነው ተቀንሶ የሚለውም አብሮ። ድርጅታችሁ ቅድመ ግብር የሚቀንስ ከሆነ የሚቀነሰውን መጠን ከፋይናንስ ክፍሉ አጣሩና ለተጋባዡ ንገሩት፤ ቲን ቁጥር ካላመጣ ደግሞ የሚቀነስበት እጅግ ስለሚበዛ ቁጥሩን ቀድማችሁ ተቀበሉ። አበል፣ አልጋና ነዳጅ ከንግግሩ ዋጋ ጋር አይቀላቀሉ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ ከመሥሪያ ቤቱ አበል እየወሰደ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ፤ ሁለት ቦታ የተከፈለ አበል ኋላ ኦዲት ላይ ይወጣል። ለየኔታ ግን ዋጋ አይጠየቅም። ትራንስፖርቱን እናንተ ቻሉ፤ ስጦታውን በፖስታ አድርጋችሁ በዚያው ዕለት፣ በመድረክ ላይ ሳይሆን ለብቻ፣ በዕድሜ ከፍ ያለ የኮሚቴ አባል ያስረክባቸው። ተማሪ ይዘው ከመጡ የእሱም ምሳና መሳፈሪያ ይታሰብ።

ባነሩና ኮምፒውተሩ

የቋንቋ ሰው አዳራሹ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነበው ባነሩን ነው። «የስነ ፅሁፍ በአል» ተብሎ በሁለት ሜትር ሸራ ታትሞ ከጠበቀው፣ አንድም ቃል ባይናገር ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከታዳሚው መካከል ያሉት መሪጌቶችም እርስ በርስ ይተያያሉ። «ሥነ ጽሑፍ»፣ «በዓል»፣ «ዓለም አቀፍ» ተብሎ ይጻፍ። ከመታተሙ ሦስት ቀን በፊት ጽሑፉን ለተጋባዡ ልካችሁ አሳርሙ፤ ደስ ብሎት ነው የሚያርመው።

ፎንቱ ሌላው ጣጣ ነው። ብዙ መምህራን ጽሑፋቸውን ዛሬም በድሮው የፓወር ግእዝ ፎንት ይጽፋሉ። ያ ፎንት የላቲን ፊደሎችን ቦታ ይዞ የሚሠራ ስለሆነ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ስላይዱ የማይነበብ ምልክት ብቻ ይሆናል። ኒያላን ወይም አቢሲኒካን በመሰለ የዩኒኮድ ፎንት ይጻፍ፤ ያም ሆኖ ስላይዱ በፒዲኤፍም ጭምር ይቀመጥ። አዊኛ ካለበት የ«ጘ» ዘሮች በትክክል መታየታቸውን በዋዜማው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ፈትሹ። መብራት ከሄደ የሚነሣ ጄኔሬተር ካለ ነዳጁን ማን እንደሚሞላ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ፤ ከሌለ ተናጋሪው ያለ ስላይድ የሚናገርበትን አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ።

ማስተዋወቂያው አምስት መስመር ይበቃዋል። ማዕረጉን ከራሱ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ረዳት ፕሮፌሰሩን «ፕሮፌሰር» ማለት አክብሮት አይደለም፤ ሰውየውን እዚያው ያሸማቅቀዋል። መሪጌታ፣ የኔታ፣ መጋቤ ምሥጢር የሚለውም እንደዚሁ ከራሳቸው ይጠየቅ።

ጥያቄና መልስ

በቋንቋ መድረክ ላይ ሰዓት የሚበሉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው የሞክሼ (ድምፃቸው አንድ የሆነ) ፊደላት ነው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ። አንድ ሰው ካነሣው አዳራሹ ለሁለት ተከፍሎ ርእሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ሁለተኛው የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ጉዳይ ሲሆን፣ በ2012 የቋንቋ ፖሊሲው ከጸደቀ ወዲህ የማይነሣበት መድረክ የለም። ጥያቄዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ራሳቸውን የቻሉ መድረክ የሚፈልጉ ናቸው እንጂ። የመድረክ መሪው መጀመሪያውኑ «ሁለቱን ዛሬ አናነሣም» ይበል። ወይም አንደኛውን ራሱን ርእስ አድርጉትና ሁለት የተለያየ አቋም ያላቸው ባለሙያዎች ጋብዙ፤ ይኸኛው እንዲያውም ሰው ይስባል።

ጥያቄ በወረቀት ሰብስቡ፤ ሦስት ሦስት እያደረጋችሁ አንብቡ። ማይክራፎን ለታዳሚ ከሰጣችሁ የሚይዘው አስተናባሪው ይሁን፤ እጅ ላይ የገባ ማይክራፎን አይመለስም። ለ40 ደቂቃ ንግግር 25 ደቂቃ ጥያቄ በቂ ነው። የሰዓት ምልክት የሚሰጥ ሰው ተናጋሪው በሚያየው ቦታ ይቀመጥ፤ «5» እና «1» የተጻፈባቸውን ሁለት ካርዶች ብቻ ይያዝ። ለየኔታ ካርድ አይታይም፤ ሰዓት መድረሱን ደቀ መዝሙሩ በጆሯቸው ይንገራቸው።

ቀረጻን በተመለከተ፣ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ንግግርም የተናጋሪው ሥራ ነው። ዩቲዩብ ወይም ቲክቶክ ላይ ለመጫን ከዝግጅቱ በፊት በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበሉ፤ ሙሉውን ነው ወይስ ተቆርጦ የሚለውም ይጻፍ፤ ከመሐል የተቆረጠች አንዲት ደቂቃ ሰውየው ያላለውን ልታስብለው ትችላለች። ቅኔ ከተነገረ የድምፅ ቅጂውን በፍላሽ አድርጋችሁ ለየኔታ ወይም ለደቀ መዝሙራቸው በዚያው ሳምንት አድርሱ፤ በጽሑፍ ሳይያዝ የተነገረ ቅኔ ብዙ ጊዜ ሌላ ቅጂ የለውም።