በአሎትመንት ላይ የፀደይ ድንች እንዴት እንደሚተከል

እንግሊዝ አገር ከማዘጋጃ ቤት በዓመት ኪራይ የሚያዘው የአትክልት መሬት አሎትመንት ይባላል። ሙሉው ቦታ በጥንቱ ልኬት 10 ሮድ፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 250 ካሬ ሜትር ነው። ዛሬ ለአዲስ ተከራይ ብዙውን ጊዜ ግማሹ ወይም ሩቡ ይሰጠዋል፤ ለጀማሪ ሩቡም ሥራው አያንስም። ስለ ፀደይ ሲወራ መስከረምና አደይ አበባ ትዝ የሚለው ብዙ ሰው ነው፤ ያ ግን የክረምት መጨረሻና የመፀው መግቢያ ነው። በእኛም ዘመን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ስለሆነ ከእንግሊዙ የተከላ ወቅት ጋር እምብዛም አይራራቅም። የወቅቱ የመጀመሪያ ሥራ ደግሞ ድንች ነው።

ዘር መምረጥ

ለወጥ የተገዛ ድንች መሬት ውስጥ አይቀበርም። እንዳይጎነቁል መድኃኒት የተነካ ሊሆን ይችላል፤ ቢበቅልም የቫይረስ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ለዘር የተመረመረ ድንች፣ አብዛኛው ከስኮትላንድ የሚመጣ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ በአትክልት መደብሮች ይሸጣል። የእንቁላል መጠን ያለው ይመረጣል፤ አንድ ኪሎ ውስጥ ከ12 እስከ 15 ፍሬ ይገኛል። ለ3 ሜትር መስመር 10 ፍሬ ይበቃል።

ቶሎ ደራሾቹ ሮኬትና ስዊፍት የተባሉት ዓይነቶች ከ10 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ይቆፈራሉ። ሻርሎት መካከለኛ ነው፤ ሲቀቀል ስለማይፈርስ ለአልጫ ወጥ ይስማማል። ማሪስ ፓይፐር ዘግይቶ ይደርሳል፤ ዱቄታማ ስለሆነ ለጥብስ ጥሩ፣ ወጥ ውስጥ ግን ቶሎ የሚሟሟ ነው። ጀማሪ ከሆኑ ቶሎ ደራሹን ይያዙ፤ ምክንያቱ ከታች በሽታው ላይ ሲደረስ ይገባል።

ማጎንቆል

ከፌብሩዋሪ መጨረሻ ጀምሮ ዘሩን በእንቁላል ካርቶን ላይ ያቁሙት። እያንዳንዱን ድንች አገላብጠው ቢያዩት በአንደኛው ጫፍ ዓይኖቹ ተሰብስበዋል፤ በሌላኛው ጫፍ ከእናት ተክሉ ጋር ያገናኘው እትብት ጠባሳ አለ። ዓይን የበዛበት ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ካርቶኑ ብርሃን በሚያገኝ፣ ውርጭ በማይደርስበትና 10 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ቀዝቃዛ ክፍል ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል።

ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። ጨለማና ሙቅ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ድንች ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነካ ይሰበራል። ብርሃን ያገኘው ግን አጭር፣ ደንደን ያለ፣ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቡቃያ ይኖረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉደኔና በለጠ የተባሉትን የድንች ዓይነቶች የሚያመርቱ ገበሬዎች የዘር ድንች ብርሃን በሚያስገባ የእንጨት መደርደሪያ ላይ እንዲያስቀምጡ የሚመከሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ቡቃያው 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ለተከላ ደርሷል። ዘግይቶ ለሚደርሰው ዓይነት ማጎንቆል ግዴታ አይደለም።

መሬቱን ማሰናዳት

ድንችም ቲማቲምም ባለፉት 3 ዓመታት ያልተተከለበትን ቦታ ይምረጡ። ባለፈው ዓመት አፈር ውስጥ ተረስቶ የበቀለ ድንች ካገኙ ከሥሩ ይንቀሉት፤ በሽታ ከክረምት ወደ ፀደይ የሚሻገረው በእሱ ነው። ሰርዶ መሳዩን ሣር በአካፋ አይቆራርጡት፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ራሱን ችሎ ይበቅላል። ባለ ጥርስ መቆፈሪያ አስገብተው አፈሩን አላልተው ነጩን ሥር እስከ ጫፉ ይሳቡ። ይህን ሲያደርጉ ደረተ ቀይዋ ሮቢን ወፍ አንድ ሜትር ያህል ተጠግታ ከተገለበጠው አፈር ትል ስትለቅም ማየት የተለመደ ነው።

በአንድ ካሬ ሜትር አንድ ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ይበቃል። ትኩስ ፍግ ቅጠል እንጂ ድንች አያበዛም። ከፈረስ በረት የሚመጣ ፍግ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይደረግ፦ ፈረሱ የበላው ድርቆሽ አሚኖፒራሊድ በተባለ የአረም ማጥፊያ የተረጨ ከሆነ መድኃኒቱ በእንስሳው ሆድ አልፎ ፍጉ ውስጥ ይቆያል፤ የድንቹ ቅጠል እንደ ጽዋ ተጠቅልሎ ይጨማደዳል። መፈተኑ ቀላል ነው፤ ፍጉን ከአፈር ጋር ቀላቅለው በማሰሮ ባቄላ ይዝሩበት። ከ3 ወይም 4 ሳምንት በኋላ ቅጠሉ ከተጣመመ ፍጉን አይጠቀሙበት። አመድና ኖራ ለድንች መሬት አይሰጥም፤ አሲድነቱ በቀነሰ አፈር ላይ ልጣጩን ቅርፊት የሚያስይዘው እከክ ይበዛል።

የቆየ የኮምፖስት ክምር ከመናድዎ በፊት ሄጅሆግ የተባለው ትንሽ ጃርት ወይም እንቁራሪት አለመኖሩን በእጅ ይመልከቱ። አጥር መከርከምም ከማርች እስከ ኦገስት ይቆይ፤ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል።

ተከላ

የድሮ እንግሊዛውያን በስቅለት ዓርብ ይተክሉ ነበር። ልማዱ ደስ ይላል፤ ግን የፋሲካ ቀን ከዓመት ዓመት ከአንድ ወር በላይ በሚሰፋ ጊዜ ውስጥ ስለሚዋልል አፈሩን መጠየቅ ይሻላል። 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ በጠዋት 7 ወይም 8 ዲግሪ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ቴርሞሜትር ከሌለ አፈር በእጅ ጨብጠው ይልቀቁት፤ ጭቃ ሆኖ ከተጣበቀ ይጠብቁ። በቀዝቃዛና ረግረግ አፈር የተተከለ ድንች ይበሰብሳል እንጂ አይቀድምም። ደቡብ እንግሊዝ ማርች መጨረሻ፣ ሰሜኑ ኤፕሪል አጋማሽ ይሆናል።

ገመድ ወጥረው 15 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ይክፈቱ። ቶሎ ደራሹን በ30 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ያስቀምጡ፤ የመስመሩ ርቀት 60 ይሁን። ለዘግይቶ ደራሹ ወደ 40 እና 75 ያስፉት። ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ እንዳይሰበር በእጅ ያስቀምጡና በለሰለሰ አፈር ይሸፍኑት፤ በእግር አይርገጡት። የመስመሩን ሁለት ጫፍ በእንጨት ምልክት ያድርጉ፤ ድንቹ እስኪወጣ 3 ወይም 4 ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ቦታው ይረሳል።

ውርጭና አፈር ማስታቀፍ

ዓመቱ የሚበላሸው በብዛት በሜይ ነው። ቀኑ ሞቆ ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሠራ ይውላል፤ ሌሊቱ ጠርቶ ነፋስ ሲያጣ ግን ውርጭ ይወርዳል። በጠዋት ቅጠሉ በፈላ ውኃ እንደተነከረ ጠቁሮ ይገኛል። ተክሉ ከሥር እንደገና ያቆጠቁጣል፤ ምርቱ ግን 2 ወይም 3 ሳምንት ይዘገያል። ስለዚህ የአየር ትንበያው ከ3 ዲግሪ በታች ካለ በዋዜማው ቡቃያውን በስስ የአትክልት ጨርቅ፣ ካልተገኘም በጋዜጣ ይሸፍኑ። ገና 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ከሆነ አፈር ጎትተው ሙሉ በሙሉ ይቅበሩት፤ ራሱ ይወጣል።

ቡቃያው 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ከመስመሮቹ መሐል አፈር በዶማ ስበው ግንዱን ያስታቅፉት፤ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅጠል ከላይ ይቅር። በየ2 ወይም 3 ሳምንቱ እየደጋገሙ መደቡ 25 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ እስኪይዝ ይቀጥሉ። አዲሱ ድንች የሚያያዘው ከተተከለው ዘር በላይ፣ ከግንዱ በሚወጣ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ አፈሩ ካነሰ ራሱን ያጋልጣል። ብርሃን የነካው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ከአረንጓዴው ጋር ሶላኒን የተባለው መርዝ ይጨምራል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ማስታቀፍ አረምንም አብሮ ይገድላል፤ ለብቻው መኮትኮት እምብዛም አያስፈልግም።

ውኃና በሽታ

ድንቹ የብይ ያህል ሲሆን፣ አበባ መታየት ሲጀምር ማለት ነው፣ መጠማት የለበትም። ዝናብ ከጠፋ በየ10 ቀኑ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ15 እስከ 20 ሊትር በአንድ ጊዜ ያጠጡ። በየማታው ጥቂት ጥቂት መርጨት ላዩን ብቻ ያረጥባል። ብዙ አሎትመንት ላይ የውኃ ጎማ ስለሚከለከል ሥራው በባልዲ ነው፤ መደቡን ከውኃ ጋኑ አጠገብ የመረጠ ሰው እዚህ ያርፋል።

በ1845 በአየርላንድ ረሃብ ያመጣው ሌት ብላይት የተባለው የድንች በሽታ ዛሬም አለ። ሁለት ቀን በተከታታይ የሙቀቱ ዝቅተኛ 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በየቀኑ ቢያንስ 6 ሰዓት እርጥበቱ 90 በመቶ ከደረሰ አደጋው ቀርቧል። ቅጠሉ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ፣ በቅጠሉ ጀርባ ነጭ ሻጋታ ይታያል። ያኔ ግንዱን ከመሬት እኩል ቆርጠው ከቦታው ያርቁ፤ ድንቹን ግን ልጣጩ እንዲጠነክርና ከላይ ያለው በሽታ እንዳይነካው ከ2 እስከ 3 ሳምንት አፈር ውስጥ ይተዉት። ቶሎ ደራሽ ድንች በሽታው ከመበርታቱ በፊት ስለሚቆፈር አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። ዘግይቶ የሚደርስ ለሚፈልግ ሳርፖ ሚራ በሽታውን የሚቋቋም ነው።

አበባው እንደተከፈተ ከመስመሩ ጫፍ ያለውን አፈር በእጅ ገለጥ አድርገው ይመልከቱ። ከዶሮ እንቁላል ካላነሰ ባለ ጥርሱን መቆፈሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው ወደ ታች አስገብተው ያንሱ። ከአንድ እግር ግማሽ ኪሎ ወይም ትንሽ በላይ ይወጣል። ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ይቆፍሩ፤ ልጣጩ በአውራ ጣት የሚገፈፍ ድንች አይቀመጥም።