ገንፎ እንዳይጓጉል

ከአያቴ ወደ እናቴ፣ ከእናቴም ወደ እኔ በተላለፈው የገብስ ገንፎ አሠራር ዋናው ጥንቃቄ፣ ዱቄቱ ከመነስነሱ በፊት ከፈላው ውሃ ላይ ጥቂቱን ቀንሶ ማስቀመጥ ነው። ለ2 ኩባያ የተቆላ ገብስ ዱቄት 4 ኩባያ ውሃ ከቁንጥር ጨው ጋር ያፍሉ፤ ሲንተከተክም 1 ኩባያ ያህል ቀንሰው ሳይቀዘቅዝ ከምድጃው አጠገብ ያኑሩት። ከዚያም እሳቱን ቀነስ አድርገው ዱቄቱን በአንድ እጅዎ እየነሰነሱ፣ በሌላው ደግሞ በእንጨት ማማሰያ ያለማቋረጥ ያማስሉ። ገንፎው ጠጥሮ ማማሰያውን መያዝ ሲጀምር፣ የጓጎለውን ከድስቱ ጎን ጋር እየደፈጠጡ በደንብ ይሹት፤ ክንድ የሚያደክመው ይኸው ክፍል ስለሆነ በእኛ ቤት ድስቱን የሚይዝ ረዳት አይጠፋም። ያስቀመጡትን ሙቅ ውሃ ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ካለሰለሱት በኋላ፣ ከድነው በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። በቀዝቃዛ ውሃ ማቅጠንን ግን ፈጽሞ አልመክርም፤ ላዩ ሲቀጥን በጓጎለው ውስጥ የቀረው ደረቅ ዱቄት ጥሬ ጥሬ ይላልና።

መብሰሉን ለማወቅ እናቴ ጣቷን ውሃ ነክራ ገንፎውን ነካ ታደርገዋለች፤ ካልተጣበቀባት ይወጣል። ቅቤ በተቀባ ሳህን ላይ ገልብጠው መሐሉን በእርጥብ ማንኪያ ካጎደጎዱ በኋላ፣ በበርበሬ የተለወሰ ንጥር ቅቤ ያፍስሱበት፤ ለአራስ ሲሆን እኛ በርበሬውን እንቀንሳለን፣ ቅቤውን ግን አንሰስትም።