ሞተር ከማስወረዳችሁ በፊት ኮምፕሬሽን ለኩ፣ በተለይ ባህር ዳር ያላችሁ

መኪናችሁ የበዛዊትን ኮረብታ ስትወጣ ጉልበት ካጣች፣ ቆማ ከተንቀጠቀጠች ወይ ዘይት መብላት ከጀመረች "ሞተሩ ይውረድ" ሲሏችሁ ቶሎ እሺ አትበሉ፣ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኗ (ሲሊንደር ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ያለው ግፊት) ይለካ። የማወራው ለቤንዚን ነው፣ ለነ ቪትዝ ለነ ኮሮላ። ናፍጣ ላይ ግን የቤንዚን ጌጅ (ኮምፕሬሽን መለኪያ) እንዳታስገቡ፣ ግፊቱ ከ400 ፒኤስአይ በላይ ሊሄድ ስለሚችል ጌጁንም ይሰብራል ሰውም ይጎዳል።

ሞተሩን አሙቁትና አጥፉት፣ ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) የምትፈቱት ግን ትንሽ በረድ ሲል ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) አልሙኒየም ከሆነ እንደጋለ ሲፈታ ጥርሱ ይበላል። ከመፍታታችሁ በፊት የካንዴላውን ጉድጓድ በአየር አስነፉት፣ በኮረኮንች የምትመላለሱ ከሆነ አቧራና ጠጠር እዛ ይጠራቀማል፣ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ከዛ የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝና የኮይሎቹን (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጡትን) ሶኬት ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉንም አውጡና በተራቸው ደርድሯቸው። አንዱን ብቻ አውጥቶ መለካት አይሆንም፣ ሞተሩ እየከበደው ስለሚዞር ቁጥሩ ያሳስታል። ባትሪው ደካማ ከሆነም ቻርጅ ሳይደረግ አትጀምሩ።

ጌጁን በአንዱ የካንዴላ ቀዳዳ እሰሩት። ማርሹ ዜሮ ላይ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጦ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ያዙር፣ የጌጁ ቀስት 5 ወይ 6 ጊዜ እስኪመታ። ቁጥሩን ጻፉ፣ ጌጁን ባዶ አድርጉ፣ ቀጣዩ። ለሁሉም እኩል አዙሩ።

አሁን ዋናው ነገር። ማኑዋል ላይ ያለው ቁጥር ባብዛኛው ለባህር ጠለል የተሰራ ነው፣ እኛ ጣና ዳር ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚስበው ያንሳል፣ ንባቡም ከ15 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ማለት ማኑዋሉ 180 ፒኤስአይ የሚለው ሞተር እዚህ 145 ወይ 150 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ይሄን ሳያስቡ "ኮምፕሬሽን የላትም" ብሎ መፍረድ በጣም ያናድደኛል፣ የሚወጣው ብር የሰው ላብ ነው እኮ።

ስለዚህ ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ አወዳድሩ፣ ትንሹ ከትልቁ ቢያንስ 75 በመቶ ይሁን። 150፣ 148፣ 152፣ 95 ካለ አራተኛው ላይ ችግር አለ። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት፣ ቁጥሩ ጥሩ ከፍ ካለ ችግሩ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልተነቃነቀ ባብዛኛው ቫልቭ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ከወረዱ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ስር ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥሩ፣ በተለይ ራዲያተሩ ውሀ የሚጨርስ ከሆነ። አራቱም እኩል በጣም ዝቅ ካሉ ደግሞ ታይሚንጉ (የቫልቭና የፒስተን መግጠሚያው) ዘሎ እንዳይሆን ይታይ።

መካኒክ ከለካላችሁ አጠገቡ ቁሙና አራቱንም ቁጥር፣ ዘይት ጨምሮ የለካውንም፣ ጽፎ ይስጣችሁ፣ ሌላ ጋራዥ ብትሄዱም ከዛው ትቀጥላላችሁ።