ሰብዉፈር ልገዛ ስል የተገኘው ድምፅ

ፊልም ስንከፍት ንግግሩ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ነጎድጓዱና ከበሮው ግን ባዶ ጣሳ የመምታት ያህል ነበር። ሰብዉፈር (ጎርናናውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ስለሌለን ነው ብዬ ገንዘብ ማጠራቀም ጀመርኩ።

ያጠራጠረኝ አንድ ነገር ነው። እነዚያው ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት የፊት ስፒከሮች ከአሮጌው ቴፕ ጋር ሲገጠሙ ወፍራም ድምፅ ያወጣሉ። ታዲያ አሁን ምን ነካቸው?

የአምፕሊፋየሩን ማስተካከያ ከፍቼ ሳየው ሰብዉፈር «አለ»፣ የፊት ስፒከሮች «ትንሽ»፣ መለያው፣ ማለትም ድምፁ ለሰብዉፈርና ለሌሎቹ የሚከፈልበት ወሰን፣ 80 ሄርዝ ተብሎ ተሞልቷል። ከ80 ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ ምንም ወዳልተሰካበት ቀዳዳ ይላክ ነበር ማለት ነው። በ5.1 ቅጂ (ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር በተዘጋጀ የፊልም ድምፅ) «ነጥብ 1» የሚባለው የጎርናና ድምፅ መስመርም አብሮ ይጠፋል። ስንት ወር እንዲህ እንደኖርን ባላስታውሰው ይሻላል።

ሰብዉፈሩን «የለም»፣ የፊቶቹን «ትልቅ» አልኳቸው። ነጎድጓዱ መስኮቱን አንቀጠቀጠው። ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው ሁለት ስንዝር ሳስጠጋቸው ደግሞ ድምፁ ይበልጥ ወፈረ፤ ጥግ ውስጥ ስከታቸው ግን ንግግሩ ታፈነ፤ መለስኳቸው።

ስፒከሮቼ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሾች ቢሆኑ ኖሮ ሰብዉፈሩን ያለ ማመንታት እገዛው ነበር፤ ትንሽ ስፒከር በማስተካከያ ብቻ ጎርናና አይሆንም። እኔ ግን የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጎርናና ድምፅ ደግሞ በኮንክሪት ወለል አልፎ ይወርዳል። ከታች ያሉት ጎረቤቶቼ አራስ አለባቸው። ገንዘቡ ለምንጣፍ ዋለ።